ተራራ የማያውቀው የተራራ ብስክሌት

በደማምና በአል-ኾበር ጎዳናዎች ከሚታዩት ብስክሌቶች ብዙዎቹ «የተራራ ብስክሌት» ተብለው የተሸጡ ናቸው። ጎማቸው ሰፊና ጥርሳም ነው፤ የፊት ሹካቸው ሞላ አለው፤ ማርሻቸው ለዳገትና ለቁልቁለት የተደረደረ ነው። ከተሞቹ ግን በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በተዘረጋ ሜዳ ላይ የቆሙ ናቸው። ዳገት የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1938 ከሰባተኛው ጉድጓድ ነዳጅ በብዛት ወደ ፈለቀበት ወደ ዘህራን ማቅናት አለበት። የዘህራን ከፍታዎችም ቢሆኑ ዝቅ ያሉ የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች እንጂ ተራሮች አይደሉም። ስለዚህ ከእነዚህ ብስክሌቶች አብዛኞቹ አንድም ተራራ ሳያዩ ያረጃሉ።

ከተሞቹን በጥሞና የሚመለከት ሰው ሁለት ዓይነት ብስክሌተኞችን ያያል። አንደኛው ከሱብሒ ሶላት በኋላ የምሳ ዕቃውን በመሪው ላይ አንጠልጥሎ፣ በነጠላ ጫማ ፔዳሉን እየረገጠ ወደ ሥራው የሚያመራው ሠራተኛ ነው። ማታ ከዒሻ በኋላ በዚያው መንገድ፣ ያለ መብራት ይመለሳል። ሁለተኛው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በኮርኒሹ ዳር ከጓደኞቹ ጋር የሚታየው ነው። ብስክሌቱ ውድ፣ ሄልሜቱ አዲስ፣ ልብሱም ለስፖርቱ ተብሎ የተሰፋ ነው። ሁለቱ በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ በአንድ አስፋልት ላይ ይሽከረከራሉ፤ ሆኖም አንዱ ሌላውን እንደ ብጤው አይቆጥረውም።

የሁለቱ አቅም የተለያየ ቢሆንም ጉድለታቸው ይገናኛል። አንደኛው ብስክሌትን የድህነት መሸጋገሪያ አድርጎ ስለሚያየው ሊማረው የሚገባ ነገር መሆኑን ይዘነጋል። ሁለተኛው ደግሞ ዕቃውንና ልብሱን በመግዛት ችሎታውን አብሮ የገዛ ይመስለዋል። መንገድ ግን የብስክሌትን ዋጋ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ በኮርቻው ላይ ያለው ሰው መቆምና መታጠፍ ይችላል ወይ? ከሩቅ ይታያል ወይ? አጠገቡ ያለውን ሰው ያከብራል ወይ? ቅደም ተከተሉም ይኸው ሊሆን ይገባል፤ መጀመሪያ ችሎታ፣ ቀጥሎ ልብስ፣ ሁለቱንም የሚያስተዳድረው ደግሞ ሥነ ምግባር ነው።

የተራራ ብስክሌት ታሪክ ራሱ ይህን ቅደም ተከተል ያስተምራል። ስፖርቱ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ወጣቶቹ ይዘው የወጡት ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የቀሩ ከባድ አሮጌ ብስክሌቶችን ነበር። የሚለብሱት ጂንስ ሱሪና የሥራ ቡትስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የቁልቁለት ውድድር የጀመሩበት መንገድ «ሪፓክ» የሚል ስም ያገኘው የኋላ ፍሬናቸው በግለት ግራሱን አቃጥሎ ስለሚጨርስና በየጊዜው እንደገና መሞላት ስለነበረበት ነው። ስፖርቱ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ እስኪገባ ድረስ መሣሪያውና ልብሱ እየተሻሻለ ሄደ። መሻሻሉ ግን የመጣው ሰዎቹ መቆምን፣ መታጠፍንና መውደቅን ከተማሩ በኋላ ነው። ችሎታው ዕቃውን ወለደ እንጂ ዕቃው ችሎታውን አልወለደም።

በምሥራቃዊው ክፍለ ሀገር ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ብስክሌት የለመዱት በልጅነታቸው ነው። በሰፈር በደቂቃ ሒሳብ የሚከራይ ሳይክል ያልነበረበት ከተማ ጥቂት ነው። ባሕር ዳር ከጣና ዳር በተዘረጋው ሜዳዋ የተነሣ ተማሪውም ሠራተኛውም ብስክሌት የሚነዳባት ከተማ ሆና ኖራለች። በአዲስ አበባ ደግሞ ዳገቱና የመኪናው ብዛት ብስክሌትን የልጆች መጫወቻ አስመስሎት ቆይቶ፣ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በተሰኘው ቀን ዋና ዋና ጎዳናዎች ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ሲለቀቁ የብዙዎች ዓይን ተከፍቷል። ነገር ግን የኪራይ ሳይክል የሚያስተምረው ሚዛን መጠበቅን ብቻ ነው። ፍሬኑ የተበጠሰ ሳይክል የተከራየ ልጅ የጫማውን ሶል ከጎማው ላይ እያሸ ያቆመዋል። ያ ልጅ አድጎ በደማም አስፋልት ላይ ሲወጣ ሚዛኑን ይዟል፤ ማቆምን ግን ገና አልተማረም።

ማቆም የብስክሌት ፊደል ነው። ብስክሌት ሲቆም ክብደት ወደ ፊት ስለሚሸጋገር ከሁለቱ ፍሬኖች ይበልጥ የሚሠራው የፊቱ ነው። የኋላውን ብቻ የሚይዝ ሰው ጎማው ይንሸራተትበታል፤ የፊቱን በድንጋጤ የሚጨብጥ ደግሞ በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ ይወድቃል። ትክክለኛው መንገድ የትኛው እጀታ የትኛውን ፍሬን እንደሚይዝ አስቀድሞ ማወቅ፣ ሁለቱንም በአንድነት ቀስ በቀስ ማጥበቅ፣ መቀመጫን ወደ ኋላ መሳብና ክንድንና ጉልበትን ማላላት ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬን ለመያዝ የሚፈጀው ጥቂት ማመንታት የመኪናን ሙሉ ርዝመት ያህል መንገድ ይበላል።

የተራራ ብስክሌተኛ የሚማረው አቋቋምም ለከተማ ነዋሪ ይጠቅማል። ሁለቱን ፔዳሎች በአግድም እኩል አድርጎ ከኮርቻው በጥቂቱ መነሣት፣ ክርንና ጉልበትን ማጠፍ፣ ዓይንን ከፊት ጎማው ላይ አንሥቶ መሄድ ወደሚፈለግበት ስፍራ መላክ ነው። ዓይን ወዳየው እጅ ይከተላል፤ ጉድጓዱን አፍጥጦ የሚያይ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። በሰሜኑ ነፋስ ተገፍቶ በመንገድ ዳር የሚከማቸው አሸዋም የራሱ ትምህርት አለው። አሸዋ ላይ ፍሬን መያዝና መሪ መጠምዘዝ ማለት መውደቅ ነው። ከመድረስ በፊት ቀላል ማርሽ ማስገባት፣ መሪውን ሳያንቁ መያዝ፣ ፔዳል ሳያቋርጡ ቀጥ ብሎ ማለፍ ያስፈልጋል። ከከተማ ወጥቶ ወደ ሰብኻ፣ ማለትም ወደ ጨዋማው ረባዳ መሬት የሚገባ ደግሞ ደረቅ የመሰለው ቅርፊት ከሥሩ ጭቃ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ለሠራተኛው ከሁሉ የሚቀርበው ትምህርት ግን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚነዳ ነው። ብዙዎች «መኪናውን ፊት ለፊት ባየው ይሻለኛል» በማለት ከትራፊኩ በተቃራኒ ይነዳሉ። ሒሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪናና 20 የሚሄድ ብስክሌት ፊት ለፊት ሲገናኙ በ100 ይቀራረባሉ፤ በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ግን ልዩነታቸው 60 ብቻ ነው። ከመጋቢ መንገድ የሚወጣ ሾፌርም ዓይኑን የሚጥለው መኪኖች ወደሚመጡበት አቅጣጫ እንጂ ወደ ሌላው አይደለም። ከትራፊኩ ጋር አብሮ መንዳት፣ ከመታጠፍ በፊት በትከሻ ላይ ዞር ብሎ ማየትና በእጅ ማመልከት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

የብስክሌቱ ይዞታም የችሎታው ክፍል ነው። የባሕሩ ጨዋማ አየር ካቴናን ቶሎ ያዝጋል፤ አሸዋ ደግሞ ከወፍራም ዘይት ጋር ተጣብቆ ጥርሱን ይፈጫል። ስለዚህ ካቴናውን በጨርቅ መጥረግ፣ በጥቂቱ ዘይት መቀባትና ትርፉን መልሶ መጥረግ ተገቢ ነው። ጥርሳም ጎማ በአስፋልት ላይ ጉልበት ይጨርሳል፤ በጎማው ጎን በተጻፈው ልክ አየር ሲሞላ ግን ጉዞው ይቀላል። ጉልበቴን አመመኝ የሚል ሰውም ሐኪም ከመፈለጉ በፊት ኮርቻውን ይመልከት። ተረከዝ ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግር የማይዘረጋ ከሆነ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

ወደ ልብስ ስንመጣ ለሙስሊም ብስክሌተኛ ጥያቄው ከምቾት ያልፋል። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት እንደሚሉት የወንድ ዐውራ ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለው ነው፤ መሸፈኑም ቀለሙን መከለል ብቻ ሳይሆን ቅርጹን አለማጋለጥን ይመለከታል። የአስፋልት ተወዳዳሪዎች የሚለብሱት ከቆዳ ጋር የሚጣበቅ ቁምጣ ነፋስን ለመቀነስ የተሠራ ነው። ቤተሰብ በሚንሸራሸርበት ኮርኒሽ ላይ ለሚዝናና ሰው ግን የሰኮንዶች ትርፍ ምን ይረባዋል? እዚህ ላይ የተራራ ብስክሌት ልማድ መልካም መፍትሔ ይሰጣል። የተራራ ብስክሌተኞች ከጉልበት በታች የሚወርድ ሰፋ ያለ ሱሪ ይለብሳሉ፤ መደገፊያ ስፖንጅ ያለውን ቁምጣ የሚፈልግም ከሥር ያደርገዋል። ገላን ይሸፍናል፣ ሲወድቁ ቆዳን ያድናል፣ ጥሪ በተሰማ ጊዜም ወደ መስጊድ ጎራ ብሎ ለመስገድ ልብስ መቀየር አያሻም።

ቶብ ለብሶ የሚነዳ ሰው ጫፉ ከካቴናና ከጎማ ዘንጎች እንዳይገባ መጠንቀቅ አለበት፤ ሰፋ ያለ ሱሪም በቀኝ እግር በኩል በማሰሪያ ቢታሰር ይመረጣል። በሴቶች በኩልም ዘመኑ ብዙ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሐይፋእ አል-መንሱር «ወጅዳ» ፊልም ብስክሌት የምትመኝ የአንዲት ልጅ ታሪክ ነበር። በ2013 መቀመጫውን በደማም ያደረገው አል-ዩም ጋዜጣ ሴቶች በመናፈሻዎች፣ ዐባያ ለብሰውና ከቤተሰባቸው ወንድ ጋር ሆነው ብስክሌት መንዳት እንደሚፈቀድላቸው ዘገበ። በሰኔ 2018 ደግሞ ሴቶች መኪና መንዳት ጀመሩ። ዛሬ በሱሪ መልክ የተሰፋ የስፖርት ዐባያ ለብሶ መንዳት እንግዳ ነገር አይደለም። ሸፋኝነትና ደኅንነት አይጋጩም፤ የሚጋጨው ረዥም ጨርቅና ክፍት ካቴና ነው። ለእርሱም መድኃኒቱ ካቴና የሚከልል ሽፋን ነው።

ከጨርቁ ቀጥሎ የሚመጣው ሄልሜት ነው። በግንባታ ቦታ የሚለበሰው የራስ መከላከያ ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ የተሠራ ስለሆነ የብስክሌት ሄልሜትን አይተካም። ሄልሜት ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ብሎ፣ ማሰሪያው በአገጭ ሥር ጠበቅ ብሎ ሊቀመጥ ይገባል። ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ግንባርን የገለጠ ሄልሜት ከጌጥ አያልፍም። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታም ውስጡ ስለሚሰነጠቅ መለወጥ አለበት።

ለሌሊቱ መንገደኛ ግን ከሁሉም የሚቀድመው መታየት ነው። ብዙ ሠራተኞች በሥራ ቦታቸው የሚለብሱት አንጸባራቂ ሰደርያ አላቸው። ሥራው ሲያልቅ አውልቀው ይሰቅሉታል፤ አብልጦ የሚያስፈልጋቸው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ጥቁር ልብስ የለበሰን፣ መብራት የሌለውን ሰው ዘግይቶ ካየው ደግ ልቡም ፈጣን እግሩም አያድነውም። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ማድረግና በቁርጭምጭሚት ላይ አንጸባራቂ ማሰሪያ መጠምጠም ያስፈልጋል። እግር ከፔዳሉ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ብርሃኑ ስለሚንቀሳቀስ ሾፌሩ የሚመጣው ሰው መሆኑን በቶሎ ይለያል።

ሙቀቱም የልብስ ጉዳይ ነው። መንግሥት በየዓመቱ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ሥር መሥራትን የሚከለክለው በከንቱ አይደለም። ለሥራ የተከለከለ ፀሐይ ለጉዞም ያው ፀሐይ ነው። ነጣ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ እጀ ረዥም ልብስ ከራቁት ክንድ ይልቅ ያቀዘቅዛል። ውኃ የሚጠጣው ጥም ሲያቃጥል ሳይሆን አስቀድሞ ነው። ራስ ምታትና ማዞር የጀመረው ሰው ጥላ መፈለግ እንጂ «ትንሽ ቀረኝ» ማለት የለበትም። በረመዳንም ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት ሾፌሩም ብስክሌተኛውም ስለሚቸኩሉ ከተራዊሕ በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል።

ችሎታና ልብስ ቢሟሉም ሥነ ምግባር ከጎደለ ብስክሌት ለሌላው ሰው አደጋ ይሆናል። ኢስላም ለመንገድ መብት ሰጥቶታል፤ ከዚያ መብት አንዱ ጉዳትን ከሰው ማራቅ ነው። ከዚህም የሚልቅ ጥበብ ያለበት ሥርዓት አለ፤ በነቢያዊው ትምህርት በእንስሳ ጀርባ ላይ ያለው ሰው በእግሩ ለሚሄደው ቀድሞ ሰላምታ እንዲያቀርብ ታዟል። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያብራሩ በከፍታ ላይ ያለ ሰው ኩራት እንዳያድርበትና ከታች ያለው ሥጋት እንዳይሰማው ነው ይላሉ። ፈረሱና ግመሉ በብስክሌት ቢተካም ትርጉሙ አልተለወጠም። ፍጥነትና ከፍታ ያለው ወገን የመጀመሪያው ባለ ዕዳ ነው።

በኮርኒሹ ላይ አንድ አባት ሕፃኑን ይዞ ሲሄድ ከኋላው ድንገት እያፏጩ የሚያልፉ ብስክሌተኞች ይህን ዕዳ አልከፈሉም። ሕፃኑ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢል ምን እንደሚፈጠር ለማሰብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ፍጥነትን ቀንሶ፣ ከሩቅ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ማለፍ ግን ደወልም ነው፣ ሰላምታም ነው፣ ምንዳም ያስገኛል። ሁለቱን ጆሮውን በማዳመጫ የደፈነ ብስክሌተኛ ግን ሰላምታውን አይመልስም፤ የመኪናውን ጡሩምባም አይሰማም።

ሌላው በሽታ ንቀት ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ ራዕይ 2030 በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎችን ከመቶ 13 ወደ 40 ለማድረስ አቅዷል። ከ2020 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የብስክሌት ውድድር በአገሪቱ እየተካሄደ ነው፤ በሪያድም ከ135 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የስፖርት ጎዳና እየተገነባ፣ የመጀመሪያው ምዕራፉ በ2025 ተከፍቷል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በየቀኑ ሳያቋርጥ ፔዳል የሚመታው ማን ነው ቢባል መልሱ ያ የምሳ ዕቃውን ያንጠለጠለው ሠራተኛ ነው። እርሱ ስፖርተኛ ተብሎ አይጠራም፤ ሽልማትም አይጠብቅም። የኮርኒሹ ብስክሌተኛ ሲያልፈው እጁን ሊያነሣለት ይገባል።

አንዳንዶች «አጀል ከተጻፈው አያልፍም፤ ሄልሜትና መብራት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ፈትቶ በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ ማስተማራቸው ለዚህ አባባል በቂ መልስ ነው። ሌሎች ደግሞ «ደመወዜ ለቤተሰብ የምልከው ነው፤ ለሄልሜት ከየት ላምጣ?» ይላሉ። ይህ እውነተኛ ችግር ስለሆነ በተግሣጽ ብቻ ሊታለፍ አይገባም። ሆኖም በአገር ቤት ያለው ቤተሰብ ከሚላከው ገንዘብ በፊት የሚጠብቀው የላኪውን ጤና ነው። ባለመብራት መንገደኛ ሆኖ ለመድረስ የሚወጣው ወጪ ከአንድ ቀን የሆስፒታል አልጋ ጋር አይወዳደርም።

ኃላፊነቱም የሠራተኛው ብቻ ሊሆን አይችልም። ሠራተኞቹ በብስክሌት እንደሚመጡ የሚያውቅ አሠሪ ከሥራ ልብሱ ጋር መብራትና ሄልሜት ቢጨምር የሚያጣው ጥቂት፣ የሚያተርፈው የሰው ሕይወት ነው። መኪና የሚነዳውም የሰላምታው ዕዳ እንዳለበት ያስታውስ፤ ብስክሌተኛውን ሲያልፍ ሰፊ ርቀት መስጠት፣ በር ከመክፈቱ በፊት ወደ ኋላ ማየት የእርሱ ድርሻ ነው። በቡድን የሚነዱ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ አቅም በእጃቸው አለ። በወር አንድ ጊዜ፣ ከጁምዓ በፊት ባለው የጠዋት ሰዓት፣ በአንድ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ተገናኝተው ለሠራተኞች ፍሬን አያያዝንና ኮርቻ ማስተካከልን ቢያስተምሩ፣ የላላ ፍሬን ቢያጠብቁላቸው፣ ትርፍ መብራታቸውን ቢሰጧቸው አንድ ሰዓት ብቻ ይበቃል። አማርኛ ተናጋሪው በቋንቋው ቢያስረዳ ደግሞ ትምህርቱ ይበልጥ ይዘልቃል።

በእነዚህ ሁለት ከተሞች የሚሸጠው የተራራ ብስክሌት ተራራ ላያገኝ ይችላል። የሚወጣው ዳገት ግን አለው፤ እርሱም ራስን ከቸልተኝነት፣ ከታይታና ከንቀት ማውጣት ነው። ያን ዳገት የወጣ ሰው ብስክሌቱ አሮጌ ቢሆንም በደኅና ሄዶ በደኅና ይመለሳል፤ መንገድ ላይ ያገኘውንም ሰው ሳያስደነግጥ፣ ሰላም ብሎ ያልፋል።